የተመረቀው ትሪ

ሮዳስ ዋለን የማያስጠላት ነገር ጥቂት ነው። ማንኪያ ልሶ መልሶ ድስት ውስጥ የሚከት ሰው ያስጠላታል። ብርጭቆ በአፉ በኩል ጨብጦ የሚያቀብል አስተናጋጅ ያስጠላታል። ዩኒቨርሲቲ እያለች፣ ገጽ ሲገልጥ ጣቱን በምላሱ የሚያረጥብ መምህር አስጠልቷት አንድ ሙሉ ሴሚስተር መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሳልፋለች። ይህን ለማንም አትናገርም፤ ፊቷ ይናገርላታል። አፍንጫዋ ሥር አንዲት ቀጭን መስመር ትወጣና የላይኛውን ከንፈሯን ሽቅብ ትስበዋለች። ያቺን መስመር ያየ ሰው እጁ ላይ ያለውን ነገር ቶሎ ብሎ ያስቀምጣል።

የካቲት ስድስት ቀን፣ ዓርብ፣ ያቺ መስመር ከማለዳ ጀምራ ፊቷ ላይ ነበረች። በማግስቱ የፍቅረኞች ቀን ነው። ስድሳ ኩኪስ እንድትጋግር ታዝዛለች፤ ሁሉም ልብ፣ ሁሉም ቀይ።

ቀዩ ራሱ ያቅለሸልሻት ጀምሯል። የምግብ ቀለሙ ጥፍሯ ሥር ገብቶ እጇን በግ ስትገፍ የዋለች ሴት እጅ አስመስሎታል። ከቀለሙ የባሰው ደግሞ ጽሑፉ ነው። ስድሳውን ያዘዘቻት ጀሚላ ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ የስጦታ ዕቃ የምትሸጥ፣ አፏም እጇም ፈጣን የሆነች ሴት። ጀሚላ ከደንበኞቿ የሰበሰበችው ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «ማሬ» አሥራ ሁለት። «ሆዴ» ስምንት። «ያላንቺ አልኖርም» አራት፤ ይህን ሁሉ ፊደል መዳፍ በማታህል ኩኪስ ላይ ማን እንደሚጨርሰው ያዘዘው ሰውዬ ይወቀው። አንዱ ደግሞ «ከንፈርሽ ወተቴ» ይጻፍልኝ ብሏል። ሮዳስ እዚህ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሰው ከንፈር ላይ የደረቀ ወተት ታያት፤ ጠርዙ ላይ የተሰነጣጠቀ፣ ትንሽ የኮመጠጠ። መስኮት ከፍታ አየር ሳበች። እንዲህ ያለውን ቃል አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ምናልባት ቢሮ ያለው ሰው፣ ቁጭ ብሎ አስቦ ነው ያመጣው።

ሥራዋን በእግሩ ያቆመላት ግን ይኸው መጸየፏ ነው። በከተማው ኩኪስ የሚጋግሩ ሌሎችም አሉ፤ ፀጉር ያልተገኘበት፣ ጣት ያልተላሰበት ግን የሮዳስ ብቻ ነው እየተባለ ይወራል። የተከራየቻት ሁለት ክፍል በር ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል ወረቀት አለ። ዱቄቱን ሦስት ጊዜ ትነፋለች። የእንቁላሉን ነጭ ለይታ ከደቀቀ ስኳር ጋር እስኪቆም ትመታዋለች። ከዚያ የልቡን ዳር በወፍራሙ ታከብበዋለች፤ መሀሉን በቀጭኑ ሞልታ፣ ሳይደርቅ ጽፋበት፣ ለሰዓታት ሳትነካው ታደርቀዋለች። አሠራሩ ትዕግሥት ነው። ሳይደርቅ አንዲት ጠብታ ውኃ ከነካችው ስኳሩ እዚያው ይሟሟና ጉድጓድ ይሠራል፤ ቀለሙም ይሸሻል፤ ያ ኩኪስ ከዚያ በኋላ ለሰው አይሰጥም።

አርባ አምስቱን ጨርሳ የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ሞልታ እንደጻፈችባቸው፣ ረፋዱ ላይ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ጀሚላ ቸኩላ የመጣች መስሏት ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። በሩ ላይ የቆሙት አባቷ ናቸው።

አቶ ዋለ ከትውልድ ቦታዋ ከቦኖሻ በሚኒባስ መጥተው፣ የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ የፕላስቲክ ባልዲ አንጠልጥለው ቆመዋል። ሮዳስ አባቷን ካየቻቸው ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል።

የተጣሉበት ነገር ለሰሚ ያስቃል። ዱራሜ የሚያስተምር ዘርአብሩክ የሚባል ልጅ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ አባትም ቃላቸውን ሰጡ፤ በመጨረሻ ልጁ ራሱ ለምሳ ቦኖሻ መጣ። መልኩ ደህና፣ ጸባዩ ደህና ነበር። ሮዳስም ልትወደው ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ በላ። ቅቤ የጠጣ ቆጮ በክትፎ እየጠቀለለ በላና ጣቶቹን አንድ በአንድ እስከ አንጓቸው ላሳቸው፤ በላሳቸው ጣቶች ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ ላከ። አሥራ አንድ ሽማግሌ እያየ ነው። አፏን ከፈተችለት። አፌን እንኳ ከፍቼ ነበር እያለች እስከ ዛሬ ከራሷ ጋር ትከራከራለች። ጉርሻው ምላሷ ላይ ሲያርፍ ግን ሆዷ ወደ ላይ መጣ፤ አውጥታ በሶፍት ጠቀለለችው። አቶ ዋለ ሽማግሌዎቹን ግቢው በር ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ፣ «ሰው የምትጸየፍ ልጅ ወልጃለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሷትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ጋ ስትደውል የአባቷን እግር ትሰማለች፤ ስልኩ ሲጮኽ ተነሥተው ከክፍሉ ሲወጡ። የእናቷን ድምፅ ሳይሆን ያንን እግር ነበር የምታዳምጠው። አባቷ ቢታረቋት የማትከፍለው ነገር አልነበረም።

«ደህና ነሽ?» አሉ።

«ደህና ነኝ አባዬ። ይግቡ።»

ወረቀቱን አነበቡና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። የቀኝ ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል፤ ጥፍሩ ወፍራምና ቢጫ ነው። ሮዳስ ዓይኗን አሸሸች፤ በማሸሿም አፈረች።

ባልዲውን ዘረጉላት። «በእንቁላል ነው የምትሠሪው አለችኝ እናትሽ። የቤት ዶሮ ነው።»

ጭድ ውስጥ ተደርድሮ ሃያ የሚሆን እንቁላል አለ። ላባ ተጣብቆበታል፣ ኩስ ደርቆበታል፤ አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ጭዱን አዝለግልጎታል። ሮዳስ እጀታውን በሁለት ጣቷ ይዛ ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» ያለችው ግን ከልቧ ነው። ሆዷ ባብቶ ነበር።

አቶ ዋለ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ብዙ አይናገሩም፤ አፋቸውን የፈቱት በሀዲይኛ ነውና አማርኛው ደግሞ ሁሌም ትንሽ ይቀድማቸዋል።

«እሁድ የጌታ እራት ነው» አሉ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጽዋውን ለሰው የማዞር እኔ ነኝ። ከልጄ ጋር ተኳርፌ እንዴት እጠጣለሁ? ሳልጠጣ አሳልፋለሁ። አምስት ጊዜ አሳለፍኩ። ሰው ያያል። ሰው ይይ፣ ምንም አይደል። እኔ ደከመኝ።»

ሮዳስ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«የድሮውን ትተን እንኑር ብዬ ነው የመጣሁት። እናትሽም አለቀሰች። በቃ። ሥራሽን አሳዪኝ።»

ወደ ጠረጴዛው መራቻቸው። አባቷ ያልደረቀው ትሪ ላይ ጎንበስ ብለው ልቦቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። እንደ መስታወት ያበራሉ። ጽሑፉን አላነበቡም፤ ቢያነቡት ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ዳር ዳሩን ብቻ በጣታቸው ከላይ ከላይ፣ ሳይነኩ፣ ተከተሉት።

«ይሄን በእጅሽ ነው? ያለ ማሽን?»

«በእጄ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ አኖሩና «ጎንበስ በይ» አሏት።

ሮዳስ ደስ ብሏት ጎንበስ አለች። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው የሚጸልዩላት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። እጃቸው ግን አልመጣም። ይልቅ በሀዲይኛ፣ ልጅ ሆና ከመንደሩ አዛውንቶች አፍ ብቻ በምታውቀው ዜማ፣ ቀስ ብለው ጀመሩ። እጅሽ የነካው ይብዛ፣ ከበርሽ የገባ ጠግቦ ይውጣ፣ ስምሽ በደግ ይነሣ እያሉ ቀጠሉ። ከዚያ እንትፍ አሉ። ግንባሯ ላይ። እንትፍ፣ እጆቿ ላይ። እንትፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ትሪው ላይ።

ሞቃት ነበር። ሽታም ነበረው፤ ያረጀ ሰው አፍ፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ። አንዱ ጠብታ ከቅንድቧ ወደ ዓይኗ ጥግ ሲወርድ ተሰማት። ሮዳስ አላሰበችም፤ ለማሰብ ጊዜ ቢኖራት ኖሮ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ትሪውን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ጎተተች። ሽርጧን አንሥታ ግንባሯን ጠረገች፤ ዓይኗን፣ ከዚያ እጇን፣ እያንዳንዱን ጣት፣ ቆዳዋ እስኪቀላ ጠረገች። ቀና ስትል ያቺ መስመር ፊቷ ላይ ነበረች።

አባቷ አዩዋት። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ታችኛው ከንፈራቸው እርጥብ ነው።

«እኔንም?» አሉ።

«አይደለም አባዬ፣ ኩኪሱ ነው፣ ውኃ ሲነካው ይበላሻል፣ ቀለሙ…»

ባርኔጣቸውን አነሡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አጠለቁ እንጂ ክሩን አላሰሩም። ሮዳስ በካልሲዋ እስከ ግቢው በር ተከተለቻቸው፤ ስሟን እንኳ ሳይጠሩ በክሩ እየተደናቀፉ ወደ አስፋልቱ ወረዱ።

ስትመለስ ትሪው ላይ ጉድጓዶቹ ተከፍተው ነበር። አሥራ አምስቱም ላይ፣ የትልቅ ፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ፣ መሀላቸው ነጣ ብሎ ዳራቸው የጠቆረ ጉድጓዶች። ልጣላቸው አለች፤ እጇ እምቢ አላት። ልንካቸው አለች፤ ያውም እምቢ አላት። ትሪውን በፎጣ ይዛ ማቀዝቀዣው ላይ ሰቀለችውና ሌላ አሥራ አምስት አቦካች። ሲጋገር የቅቤው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እሷ የሚሸታት ግን ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ጀሚላ ካርቶኖቿን ይዛ መጣች። አርባ አምስቱን አንድ በአንድ እያሸገች፣ «አቤት ማሬ፣ አቤት ሆዴ» እያለች ስታላግጥ ቆየች። አሥራ አምስቱ ነገ ጠዋት ይደርሳል ስትባል «ይሁን» አለች። ስትነሣ ግን ዓይኗ ማቀዝቀዣው ላይ አረፈ።

«ይሄስ? ዝናብ የነካው የመሰለው?»

«አይሸጥም።»

«ለምን? ያምራል እኮ።»

«አባቴ መረቁት» አለች ሮዳስ። «እንዴት መሰለሽ…» በአፏ ሳይሆን በእጇ አሳየቻት።

ጀሚላ ልትስቅ ጀመረችና ተወችው። «በድሮው? እንትፍ ብለው?» ትሪውን አወረደች። «የኔ አያት ሱቄን ስከፍት እንዲህ አድርገውኝ ሂጃቤ ርሷል። ሰው ፊት አፍሬ ልሞት። አሁን ማን እንትፍ ይለኛል? የሉም።» ይህን እያለች አንዱን አንሥታ ገመጠችው።

ሮዳስ ለማስቆም እጇን ዘረጋች፤ ዘገየች። ጀሚላ እያወራች ነበር የምታኝከው። ቀዩ ስኳር ጥርሷ ላይ ተቀብቶ፣ ጉድጓዱ ያለበት ቁራሽ ምላሷ ላይ ሲገላበጥ ሮዳስ አየች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ጀሚላ። ጣቷን ልትልስ አንሥታ ነበር፤ መለሰችው። «አባትሽ እኮ ናቸው።»

የወቀሳ ድምፅ አልነበረም። የገረማት ሰው ድምፅ ነበር፤ እሱ ባሰ። ጀሚላ ካርቶኖቿን አቅፋ ሄደች።

የተሳፈረችበት ባጃጅ ድምፅ ገና ሳይርቅ እናቷ ወይዘሮ ገነቴ ደወሉ።

«አባትሽን ምን አደረግሻቸው? ከመጡ ጀምሮ ጓሮ ቁጭ ብለዋል። ውኃ እንኳ አልቀመሱም።»

ሮዳስ ነገረቻቸው። ጎንበስ ማለቷን፣ ምርቃቱን፣ እንትፉን፣ ሽርጡን። አንዱንም አልደበቀችም። እናቷ ከሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ።

«እንትፍ አሉ? ዋለ?»

«አዎ።»

«በጌታ ከሆንን ወዲህ ለማንም አድርገው አያውቁም፤ አርባ ዓመት ሊሆን ነው። በወንድሞችሽ ሠርግ አጎቶችሽ እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው፣ እኔ እጄን ጭኜ ነው የምጸልይ፣ ያኛው የድሮ ነው ብለው እምቢ አሉ። እሳቸውን አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ እንደዚያ መርቀዋቸዋል። ከዚያ በላይ ምርቃት የለም ይሉኝ ነበር፣ እንደው ስንጫወት። ለማንም አልሰጡትም ነበር።» እናቷ ተነፈሱ። «ኩኪሱን ጣልሽው?»

«አልጣልኩም።»

«እንግዲያስ እሱን እነግራቸዋለሁ» ብለው ዘጉ።

ሮዳስ ትሪው ፊት ቁጭ አለች። አሥራ አራት ቀርተዋል። ዳር ላይ ያለውን አነሣች፤ «ሆዴ» ይላል፤ የመጀመሪያው ፊደል እግር ላይ ጉድጓድ አለ። ወደ አፏ አስጠጋችው። አባቴ ናቸው አለች ለራሷ። ትንሽ ልጅ ሆና ትኩሳት ይዟት ሌሊቱን ሙሉ በጀርባቸው አዝለዋት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱ ሰው ናቸው። ጥርሷ ዳሩን ነካ። አስቀመጠችው። ውኃ ጠጥታ እንደገና አነሣችው። በዚህኛው ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲጨፈን ያቺ እርጥብ ከንፈር መጣችባት፤ ሊያስመልሳት ሲል ወደ መታጠቢያው ሮጠች። ሦስተኛ ጊዜ ቆርሳ፣ ጉድጓድ የሌለበትን ጎን መርጣ፣ ጥፍር የምታህል ቁራሽ ምላሷ ላይ አኖረች። ተፋችው።

ከዚያ አለቀሰች። ማልቀሷም አስጠላት፤ ንፍጧ፣ ያበጠው ዓይኗ፣ አፏ ውስጥ የቀረው ጨው። አባቷን እንደምትወዳቸው ታውቃለች። ዛሬ ካየቻቸው ነገር ሁሉ፣ ከጥፍሩም፣ ከኩሱም፣ ከምራቁም ይልቅ አሁን የሚያስጠላት እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት ነበረች። ሆዷ ግን ይህን ሁሉ እየሰማ አልተለወጠም።

ስልኩ ጮኸ። የእናቷ ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የአባቷ ነበር።

«አልጣለችውም አለች እናትሽ።»

«አልጣልኩትም አባዬ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽው?»

ቆርሳ የተወችው ኩኪስ እጇ ላይ ነበር። ጓሮው ውስጥ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ በስልኩ ይሰማታል፤ አባቷ ሳይተነፍሱ እየጠበቁ ነው።

«በላሁት» አለች።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ሮዳስ ወዲያው አላወቀችውም፤ ሰምታው አታውቅምና። አባቷ እያለቀሱ ነበር።

«መኪናው ውስጥ ክፉ አሰብኩብሽ» አሉ። «የወለድኳት ልጅ ተጸየፈችኝ አልኩ። እስከ ቦኖሻ አፌን በመሀረብ እየጠረግኩ መጣሁ። አጠገቤ ያለው ሰው አሞህ ነው ወይ አለኝ። አየሽ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። አንቺ ስትበይ እኔ ስረግምሽ። ይቅር በይኝ።»

አቶ ዋለ በዕድሜያቸው አንድም ልጃቸውን ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም። ሮዳስ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ ደግመው፣ መልሷን እየጠበቁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሮዳስ። አሥራ አራቱ ኩኪሶች፣ ከነተቆረሰው፣ ፊቷ ነበሩ።